ጊታሩ ነው

«ዘፋኝ የሚባል ነገር አልነበረንም» አለ ወንድሜ።

እኔ ከግድግዳው ወዲህ የሰው ሱሪ እየተኮስኩ ነበር። በላውንደሪያችን በእንግዳ መቀበያውና በመተኮሻው ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ጣውላ ነው፤ ወዲያ ማዶ ሰው ሲያስነጥስ ወዲህ ማዶ ሆነን «ይማርህ» የምንል ሰዎች ነን። ስለዚህ አልሰማሁም ብዬ ራሴን አላታልልም፤ ጥርት አድርጌ ነው የሰማሁት። ጠያቂው ከአንድ የኢንተርኔት ሬዲዮ የመጣ ወጣት ነው፤ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ማይኩን የልብስ መቀበያው ባንኮኒ ላይ አቁሞ፣ የባንዳችንን የ«እንፋሎት»ን ታሪክ ሊቀዳ ከማለዳ ጀምሮ ተቀምጧል። «ታዲያ ያ ድምፅ የማን ነው?» አለው። «በካሴቱ ላይ ከጊታሩ ሥር የሚሰማው፣ ሴት ትሁን ሕፃን ይሁን ያልታወቀው? ሰው እኮ ስንት ዓመት ተከራከረበት!» ወንድሜ ሳቅ አለ። ያቺን ሳቅ አውቃታለሁ፤ ሊዋሽ ሲል በአፍንጫው ነው የሚስቃት። «ሰው አይደለም» አለ። «ጊታሩ ነው።»

ወይ ጉድ! ካውያውን ሱሪው ላይ እንደጫንኩ ደርቄ ቀረሁ። ልጁ ወዲያ ማዶ «አላምንም! አላምንም!» እያለ በደስታ ሊሞት ነው፤ ወንድሜ ደግሞ የትኛውን ፔዳል ከየትኛው ጋር እንዳገናኘ፣ ጊታሩን እንዴት እንዳስለቀሰው ያስረዳዋል። እንዴት ያለ የተዋጣለት ውሸት መሰላችሁ! የባነንኩት የተቃጠለ ጨርቅ ሲሸተኝ ነው። የሱሪው ጉልበት ላይ የካውያው ቅርጽ ቁጭ ብሏል። «እማማ፣ እርስዎስ ሲለማመዱ ይሰሟቸው ነበር?» አለ ወጣቱ፤ እናቴም እዚያው ልጇ አጠገብ ተቀምጣ ኖሯል። ጆሮዬን ወደ ጣውላው አስጠጋሁ። እናቴ ዋሽታ አታውቅም፣ ቢያንስ ለእንግዳ። ብርጭቆ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። «ሻይ ልጨምርልህ እንዴ ልጄ? ቀዘቀዘብህ» አለችው።

እንግዲህ ታሪኩን እኔ ልንገራችሁ፤ ጠያቂው እንደሆነ ሲገባ «እዚህ ጋ መሰኪያ አለ?» ከማለት በቀር እኔን ቀና ብሎም አላየኝ። ሦስት ነበርን። ወንድሜ ጊታር፣ የጎረቤታችን ልጅ ዘነዘና ከበሮ፣ እኔ ድምፅ። ዘነዘና የእናት አባቱ ስም አይደለም፤ ከበሮውን የሚመታው እህል እንደሚወቅጥ ሰው ስለነበር እማዬ ያወጣችለት ነው። የምንለማመደው እዚሁ መተኮሻ ክፍል ውስጥ፣ ደንበኛ ካለቀና በሩ ከተዘጋ በኋላ ነበር። ካውያው ገና ትኩስ ነው፣ መስኮቱ አልቦታል፣ በተወጠረው ገመድ ላይ ርጥብ የሆቴል አንሶላ ከዳር እስከ ዳር ተሰጥቷል። ባንዱን «እንፋሎት» ያልነውም ለዚህ ነው። አንሶላው ድምፅ ስለሚውጥ ወንድሜ ጊታሩን በፔዳል ያስረዝመዋል። ፔዳል ማለት ጊታረኛ እግሩ ሥር የሚደረድራቸው ትንንሽ የብረት ሳጥኖች ናቸው፤ አንዱ ሲረገጥ ድምፁ ያስተጋባል፣ አንዱ ሲረገጥ ይሻክራል፣ ሌላው ሲረገጥ ቤቱን ይሞላዋል። ወንድሜ ዓይኑን ከእነሱ ላይ አይነቅልም። በኋላ ሰዉ «ጫማቸውን የሚያዩት ልጆች» ይለን የጀመረው ለዚህ ነው፤ አቀርቅረን ስንጫወት ላየን፣ አንድ ነገር መሬት ላይ የጠፋብን ነው የምንመስለው።

አባባ ወንድሜ ጊታር እንዲይዝ የፈቀደው በስንት መከራ፣ በስንት ሽምግልና ነው። በእኔ በኩል ግን ቃሉ አንድ ነበር፤ «ሴት ልጄ ለሰው አትዘፍንም።» አለቀ፣ ደቀቀ። አንድ ቀን ታዲያ ሳናስበው ከተፍ አለ። እኔ ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ ሆኜ አፌን በሰፊው ከፍቼ ነበር። ወንድሜ ኮቴውን ሰምቶ ሁሉንም ፔዳል ባንዴ ረገጣቸውና ጊታሩ መጥቶ ከላዬ ተከደነብኝ። አባባ በሩን ከፍቶ «ማናት የምታለቅሰው?» አለ። «ጊታሩ ነው» አለ ወንድሜ። አባባ ጥቂት አዳምጦ «እንዴት ያለ ነገር ነው!» ብሎ ዘግቶት ሄደ። እኛ ወለሉ ላይ ተንከባልለን ሳቅን። ሳቃችን ሲበርድ ግን ዘነዘና «ቆይ፣ ቆይ፣ ያ ነገር ግን ደስ ይላል» አለ። እውነቱን ነበር። እኔ ከሥር፣ ቃል ሳልጠራ፣ ዝም ብዬ ሳንጎራጉር፤ ጊታሩ ከላይ። እንቅልፍ ሊወስድ ሲል ከሌላ ክፍል የሚሰማ ዓይነት ነገር ነው። ዛሬ ወጣቱ ሁሉ «እንዴት ፈለሰፉት?» እያለ የሚመራመርበት ድምፅ ከዚህ ሌላ ምንጭ የለውም። አባቴን ፈርተን ነው።

ካሴቱንም የቀዳነው በዚያው ስልት ነው። መድረክ ላይ ስንወጣ እኔ ከመጋረጃ ጀርባ እቆማለሁ፤ የአባባ ወዳጅ የሌለበት ቦታ የለማ! ስሜን ካሴቱ ላይ አልጻፍነውም፣ «ለጊዜው ነው» ተባብለን። ከዚያ አባባ ታመመ፣ ላውንደሪው ሰው ፈለገ፣ ሰው ማለት ደግሞ እኔ ነኝ። ወንድሜና ዘነዘና በየከተማው እየዞሩ የሰርግ ባንድ ውስጥ ሲጫወቱ ኖረው ተመለሱ፤ አባባም አረፈ። ካሴቱ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሞ ኢንተርኔት ላይ ወጣና፣ ያኔ ያልተወለዱ ልጆች የሚያለቅሱበት ሆነ። ዛሬ ያው ካሴት በአዲስ መልክ ታትሞ የሚመረቅበት ቀን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ይጫወታሉ። እኔ ሞኟ ደግሞ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ምን ልልበስ እያልኩ ነበር።

የተቃጠለው ሱሪ የዘነዘና ነው። ረፋዱ ላይ ሊወስድ መጣ። ዛሬ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው፣ ሆዱ ቀድሞት ይገባል፣ ሲያወራ እንኳ ቀኝ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። ጉልበቱን ሲያይ «ኧረ በስመ አብ! በዚህ ነው መድረክ የምወጣው?» አለ። «ከከበሮ ጀርባ ማን ያይሃል?» አልኩት። ከዚያ ወንድሜ ያለውን በሹክሹክታ ነገርኩት። አልደነገጠም። ይህ ነው ያንገበገበኝ፤ ቅንጣት አልደነገጠም። ሱሪውን እያጠፈ፣ እየዘረጋ፣ እንደገና እያጠፈ፣ «ተይው እስኪ አሁን በዚህ ቀን» አለኝ። እሺ፣ ለጠያቂው ሄደህ እውነቱን ንገረው፣ አንተም እዚያው ነበርክ፣ ዓይንህ እያየ ነው የዘፈንኩት አልኩት። «እኔ ምን አየሁ?» አለ። «እኔ ከበሮ መቺ ነኝ። ከኋላ ነው የምቀመጠው። የማየው የወንድምሽን ጀርባ ነው።»

«ጆሮስ የለህም?»

«ከበሮ መቺ ጆሮ አለው ብሎ ማን ነገረሽ?» ብሎ ሳቀ፤ እኔ ሳልስቅ ስቀር ሱሪውን ብብቱ ሥር ሸጎጦ ወጣ። የቃጠሎውን ነገር ዳግመኛ አላነሳውም። ያኔ ነው ነገሩ የቆየ ምክር መሆኑ የገባኝ። ሁለቱ ተነጋግረውበታል፣ ምናልባትም ሰንብተውበታል፣ እኔ እዚህ ሸሚዝ ስተኩስ።

ምሳ ሰዓት ላይ ጠያቂው ሄዷል። እኔ፣ እማዬና ወንድሜ በኋላ ክፍል፣ በሳሙና ካርቶን በተከበበችው ትንሽ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ወንድሜ ሁልጊዜም የአባባ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ማንም ተቀመጥ አላለውም፣ ማንም ተነስ አላለውም። ሾርባውን አመሰገነ፣ ዳቦውን አመሰገነ፣ ስለ አዳራሹ መብራት አወራ። እማዬ ትልቁን የዳቦ ቁራሽ ወደ እሱ ገፋች። እኔ ማንኪያዬን አላነሳሁም። እንዲህ ባለው ዝምታ በቤታችን ስንት ነገር አልፏል! የአባባ በሽታ፣ የእኔ ፈርሶ የቀረ ትዳር፣ የወንድሜ መጥፋት፣ ሁሉም በማንኪያ ድምፅ ነው የተሸኘው።

«ሰማሁ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ጊታሩን።»

ቀና አላለም። ዳቦውን እየቆራረሰ አንድ ሺህ ምክንያት ደረደረልኝ። ሰዉ የሚወደው ምስጢሩን ነው፤ «እህቴ ናት» ካልኩ ነገሩ ይሟሽሻል፤ ደግሞ አንቺ ሰው ፊት መቆም አትወጂም፤ ደግሞ ላንቺው ብዬ ነው፤ እነዚህ የኢንተርኔት ሰዎች በርሽ ላይ ተኮልኩለው ሥራ ያስፈቱሻል። ለእኔው ብሎ! «አባባ ከሞተ እኮ ቆየ» አልኩት። «አሁን ማንን ፈርተህ ነው?» እማዬ በመካከላችን እጇን ዘርግታ «ጨው ያንሰዋል አይደል?» አለች፣ ለማናችን እንደሆነ እንጃ። ያቺ ሾርባ ጨው በዝቶባት ነበር።

እኔ ተነሳሁ። አዳራሽም አልሄድም፣ ከዛሬ ጀምሮም ወንድም የለኝም አልኩ፤ እንባዬ አሳጣኝ እንጂ ሌላም ልናገር ነበር። ወንድሜ እጄን ያዘኝ። ጣቶቹ ጫፍ ላይ ያለው የጊታር ክር ያደነደነው ቆዳ ያው እንደ ልጅነታችን ነው። «ቁጭ በይ። ዛሬ መድረክ ላይ እናገራለሁ» አለ። «ከመጨረሻው ዘፈን በፊት፣ በሰው ሁሉ ፊት። እማዬ ትሙት!»

«እኔን ደግሞ ለምን ትገድለኛለህ?» አለች እማዬ።

ሦስታችንም ሳቅን። አዎ፣ ሳቅሁ። ሰው ቤተሰቡን ማመን ሲፈልግ ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሚበቃው ራሴን አይቼ ነው ያወቅሁት። እሱም ሳቁ ሳያልቅ ተነስቶ ከበሩ ጀርባ አንድ ጥቁር ሸሚዝ አመጣ። «ከእጅሽ ካልሆነ አይሆንልኝም» አለኝ። ተኮስኩለት። ያውም ኮሌታውን ደግሜ፣ እጅጌውን በውሃ ረጨት አድርጌ፣ ለራሴ የሰርግ ቀን ያላደረግሁትን። ከዚያ ቤት ገብቼ ፀጉሬን አስያዝኩ፣ ሰማያዊ ቀሚሴን ለበስኩ፤ መስታወት ፊት ቆሜ፣ ስሜን ሲጠራ ብድግ ብዬ ጎንበስ ማለቱን ሞከርኩት። ሁለት እጄን ምን እንደማደርጋቸው ብቻ አልታወቀኝም።

አዳራሹ የድሮ መጋዘን ነው። ጎረቤቱ ስለ ጫጫታው ስለከሰሳቸው ትርኢቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲያልቅ ታዘዋል፤ ከፍ ባሉት መስኮቶች ብርሃን ይገባል፣ የሰዉን ፊት አንድ በአንድ ማየት ይቻላል። የመግቢያው ዋጋ የአሥር ሸሚዝ መተኮሻ ይሆናል፤ ሆኖም በሩ ላይ ሰልፉ ታጥፎ ነበር። ሁሉም ወጣት ነው፣ ሁሉም ጥቁር ለብሷል፣ ፀጉራቸውን ዓይናቸው ላይ ጥለዋል። እኔና እማዬ የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ከጎኔ ክብ መነጽር ያደረገች ልጅ ነበረች፤ እማዬ የጊታረኛው እናት መሆኗን ስትሰማ ተነስታ ጉልበቷን ሳመቻት። እማዬ እንዴት ደስ እንዳላት! ከሰርጌ ቀን ወዲህ እንዲህ ፊቷ በርቶ አላየሁትም።

ጀመሩ። ወንድሜ እንደ ድሮው አቀረቀረ፤ ሰዉም ሁሉ ከእሱ ጋር እግሩን ያያል። ዘነዘና ይወቅጣል። ልዋሽ አልችልም፣ ቆንጆ ነበር። የቀሩት ዘፈኖች ቁጥር እየቀነሰ በሄደ መጠን የእኔ ልብ እየፈጠነ ሄደ። በስተመጨረሻ ወንድሜ ማይኩን አስተካከለና አንድ ዘፈን ቀረን አለ። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። ዘነዘናን አመሰገነ፣ ተጨበጨበ። እማዬን አመሰገነ፤ እማዬ ብድግ ብላ ወደ ኋላ ዞራ እጅ ነሳች፣ አዳራሹ ተናወጠ። «አንድ ሰው ይቀረኛል» አለ ከዚያ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እውነተኛ እንባ ነበረው። «ይህ ሰው ባይኖር ይህ ድምፅ ባልኖረ። ሳልነግረው ቀርቼ፣ ዛሬ ልናገር ቃል የገባሁለት ሰው ነው።» እኔ ከወንበሬ ከፍ ብዬ ነበር። «ጊታር እንድይዝ የፈቀደልኝ አባቴ» አለ።

ተጨበጨበ፤ ቆመው ነው ያጨበጨቡት። እኔም እንደተነሳሁ ስለነበርኩ ከሰዉ ጋር ቆሜ ለአባቴ የማጨበጭብ መሰልኩ። እማዬን አየኋት። ወደ መድረኩ ነው የምታየው። ከወንድሜ ቃል ይልቅ ያ አንገቷን አለማዞሯ ነው ሁሉን የነገረኝ፤ ታውቅ ነበር ማለት ነው። ወንድሜ እግሩን ወደ አንድ አዲስ ነጭ ፔዳል ላከ። «እና ስንት ዓመት የጠየቃችሁኝ ጊታር ይሄው» አለ። ረገጠው፤ እኔ ወጣሁ።

አዎ፣ እኔ። የአሥራ ሰባት ዓመቷ እኔ፣ ከአንሶላው ሥር፣ ያንን ካሴት ስንቀዳ ትንፋሽ አጥሮኝ የዋጥኳት ያቺ ምራቅ ሳትቀር። ከካሴቱ ላይ ቆርጦ እዚያ ሳጥን ውስጥ ከትቶኛል። እግሩን ሲያነሳ ዝም እላለሁ፣ ሲረግጠኝ እዘፍናለሁ። እጆቹ ጊታሩ ላይ የሚጫወቱ ይመስላሉ፤ የሚነኩት ነገር ግን የለም። ሰዉ ዓይኑን ጨፍኖ ይወዛወዛል፣ ባለመነጽሯ ልጅ እንባዋ ይወርዳል። ደሜ ፈላ። ስሜን ባይጠራው ጥሩ፣ ድምፄን ግን ከአፌ የሚነጥቀኝ የለም ብዬ አብሬው ዘፈንኩ፤ ከአንጀቴ፣ መጋረጃ ሳይኖር፣ ጊታር ሳይኖር። አልገጠመም። ወንድሜ ለዛሬው ድምፄን አዘግይቶታል፣ አወፍሮታልም፤ የእኔ የዛሬው ጉሮሮ ደግሞ ስንት ዓመት እንፋሎት የጠጣ ነው። ከራሴ ጋር ለመስማማት ወደ ላይ ብወጣ፣ ወደ ታች ብወርድ አልሆነልኝም። ከኋላ ሰው ሳቀ። ሌላው «እሽሽሽ!» አለ።

ልጅቷ መነጽሯን አውልቃ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «እትዬ፣ ይቅርታ» አለችኝ፣ በትሕትና። «ጊታሩን እንስማው።»

«ጊታር አይደለም» አልኳት። «እኔ ነኝ።»

ግራ ገብቷት እናቴን አየቻት። እኔም አየኋት። መናገር እንኳ አይጠበቅባትም ነበር፤ ራሷን ብትነቀንቅ ይበቃኝ ነበር። «ንገሪያት እንጂ እማዬ» አልኩ። «በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ንገሪያት።»

እናቴ እጇን ጭኔ ላይ አሳረፈችና ጫን አለችኝ፤ በእኔ ላይ አልፋ ለልጅቷ ተናገረች። «አትቀየሚያት። ይህን ዘፈን ስትሰማ እንዲህ ያደርጋታል።»

የልጅቷ ፊት በአንድ ጊዜ ራራ። ትከሻዬን አሻሸችልኝ። «እሺ እትዬ፣ እርስዎ ነዎት» አለችኝ፣ ለበሽተኛ በሚባልበት ድምፅ። ከዚያ አልፋኝ የእናቴን እጅ ጨበጥ አደረገች። «አይዞዎት እማማ።»

«እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ» አለቻት እናቴ።